በቀን ሦስት ገጽ

ሀሲባ መጽሐፉን የመኪናዋ መሪ ላይ አስደግፋ፣ ለሁለት የታጠፈ ወረቀት ከመስመሩ ሥር ይዛ ቀስ በቀስ ወደ ታች እያንሸራተተች ነበር። ከንፈሮቿ ይንቀሳቀሳሉ፤ ድምፅ ግን አይወጣቸውም። መስኮቱ በግማሽ ወርዷል። በሚኒሶታ የፕሊማውዝ ከተማ የፋብሪካ ሰፈር ገና በቅጡ አልነቃም፤ ከፓርኪንጉ ጀርባ ካለው ኩሬ የወጡ ዝይዎች ብቻ በቆሙት መኪኖች መካከል ረጋ ብለው ይዘዋወራሉ።

«ብርነሽ ደብዳቤውን ሳትከፍተው» ይላል መስመሩ። ሀሲባ ፊደል ከፊደል እያያዘች «ሳትከፍተው» ላይ ስትደርስ የመጀመሪያው ቃል ከአእምሮዋ ወጥቷል። ወረቀቷን ወደ ላይ መልሳ እንደገና ጀመረች። በሦስተኛው ዐረፍተ ነገሩ ተያይዞ መጣላት፤ ብርነሽ ደብዳቤውን ሳትከፍተው ትራሷ ሥር አስገባችው። ሀሲባ ቀና አለች። አሥራ አንድ ዓመት ካኮረፈቻት እኅቷ የመጣ ደብዳቤ ነው። ሳትከፍተው እንዴት እንቅልፍ ይወስዳታል?

ሥራ ሊጀመር ሰባት ደቂቃ ቀርቶታል። ገጹ ግርጌ ስትደርስ ዐይኗን ጨፈነችና «ምን አለ?» ብላ ራሷን ጠየቀች። መልሱ መጣላት። ከጎኗ ካለው ወንበር ላይ ቅጹን አንሥታ፣ ከቀኑ ፊት ለፊት «አንድ» ጻፈች።

ለዚህ ያበቃቻት ጽጌሬዳ ናት። ጽጌሬዳ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ኢገን ውስጥ ከሀሲባ ጋር አንድ ግቢ የምትኖር፣ አንድ ፋብሪካ የምትሠራ፣ ዝም ማለት የማይሆንላት ሴት ናት። ከኢገን ፕሊማውዝ መንገዱ ሲቀና ግማሽ ሰዓት፣ ሲጨናነቅ አርባ አምስት ደቂቃ ነው፤ ሁለቱ በአንድ መኪና ይመላለሱ ነበር። ባለፈው ዕንቁጣጣሽ ማግስት ጽጌሬዳ መጽሐፍ ይዛ ገባችና፣ የመኪናው ሰዓት በከንቱ እየፈሰሰ መሆኑን፣ ከእንግዲህ በዓመት አሥራ ሁለት መጽሐፍ፣ በወር አንድ እንደሚነበብ፣ ጳጉሜም ለተጓተተው ማሟያ እንደምትሆን አስታወቀች። አላማከረችም፤ አስታወቀች። ማቀዝቀዣዋ በር ላይም ሁለት ስም የተጻፈበት ወረቀት ለጠፈች። አንድ መጽሐፍ ባለቀ ቁጥር በጽጌሬዳም በሀሲባም ስም ሥር ምልክት ይደረጋል።

ሀሲባ ድራይቭ ታደርጋለች፤ ጽጌሬዳ ታነባለች። ወጣቱን በቀጭን ድምፅ፣ ሽማግሌውን እያሳለች፣ ባለሥልጣኑን አፍንጫዋን ይዛ ነው የምታነበው። ክፉ ሰው ሲመጣ ንባቡን አቁማ «አንተ ውለታ ቢስ» ብላ ትሰድበዋለች፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ትቀጥላለች። መንገድ በሚሠራበት በኩል፣ በብርቱካናማዎቹ በርሜሎች መካከል መኪናው ሲንፏቀቅ ሀሲባ እንደ ሌላው ሰው አትበሳጭም። መጨናነቁ ለእሷ አንድ ምዕራፍ ነው።

ተራ እንቀያየር ስትባል ግን፣ መኪና ውስጥ ማንበብ ያጥወለውለኛል ትል ነበር። ሐሰት አይደለም፤ እውነቱ ሁሉ ግን እሱ አይደለም። ሀሲባ ያደገችው ሐይቅ አጠገብ ባለች የወሎ መንደር ነው። ከአራተኛ ክፍል ትምህርቷን አቋረጠች፤ ከዚያ ጅዳ፣ ከዚያ ሚኒሶታ። ቁርኣን ቤት የለየችው የዐረብኛ ፊደል ዛሬም ከእጇ አልወጣም። በአማርኛ ግን የሱቅ ስምና አጭር መልእክት ታነባለች፤ ረጅም የጻፈላትን ሰው በድምፅ ላክልኝ ትለዋለች። ሙሉ ገጽ ሲገጥማት ፊደሎቹን ታውቃቸዋለች፤ ቃሉ ግን ቆይቶ ነው የሚመጣው፣ ዐረፍተ ነገሩ ደግሞ ከቃሉም ቆይቶ። ይህን ለጽጌሬዳ አልነገረቻትም። በየወሩ በስሟ ሥር ምልክት ሲደረግ ዝም እያለች ዘጠኝ ምልክት ደረሰ።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ጽጌሬዳ ጠዋት ልጆቿን የሚይዝላት ሰው አጣችና ወደ ከሰዓት በኋላው ሺፍት ተዛወረች። አሥረኛው መጽሐፍ ገጽ መቶ አሥራ ስምንት ላይ ነበር። አብረው በሄዱበት በመጨረሻው ዓርብ የገጹን ጫፍ አጠፈችና መጽሐፉን ሀሲባ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

«አንቺ ጨርሺውና ትነግሪኛለሽ» አለቻት። «ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አንቺ ስትወጪ እኔ ስገባ አሥር ደቂቃ አለችን። ብርነሽን ሜዳ ላይ ጥለናት አንቀርም።»

ሀሲባ «እሺ» አለች። እውነቱን ለመናገር አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፤ ግን ዘጠኝ መጽሐፍ አንብባለች ተብሎ የተለጠፈላት ሴት ያን ዐረፍተ ነገር ከየት ታምጣው? ማታ ቤቷ ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ ደግሞ ሌላ ነገር ተሰማት። አርባ አራት ዓመቷ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በገዛ ዐይኗ ያነበበችው መጽሐፍ አንድም የለም። የዚህን ቀሪ ከተወጣችው፣ ለማንም ባትናገረው እንኳ የራሷ ይሆናል። ካልተወጣችው ደግሞ ጽጌሬዳ ዓመት ሙሉ ስትታለል እንደኖረች ታውቃለች። ሁለቱም በአንድ መጽሐፍ ላይ ተንጠለጠሉ።

እንዴት እንደምትጀምረው ያስተማራት ፋብሪካው ነው። ፋብሪካው ለሐኪም ቤት የሚሆኑ ቀጫጭን የፕላስቲክ ቱቦዎች ይሠራል፤ ሀሲባ በማጉያ መነጽር እያየች የቱቦ ጫፍ ከቱቦ ጫፍ ታጣብቃለች። በየሰዓቱ መጨረሻ ሁሉም ሠራተኛ አንድ ቅጽ ይሞላል። ታርጌቱ ስንት ነበር፣ ስንት ተሠራ፣ ስንቱ ሪወርክ ሆነ፣ ማለትም ተመልሶ ይሠራ ተባለ፣ ከታርጌቱ ከጎደለ ምክንያቱ ምንድን ነው፣ በመጨረሻም ፊርማ። ቅጹ በአዲስ ሲተካ አሮጌው ከወረቀት መጣያው ይገባል። ሀሲባ ከመጣያው ጥቂት አወጣች። «ሰዓት» የሚለውን ሰርዛ «ቀን» አለችበት። መጽሐፉ ሁለት መቶ ሁለት ገጽ ስለሆነ የቀራት ሰማንያ አራት ነው። በቀን ሦስት ገጽ ብታነብ ሃያ ስምንት ቀን ይፈጅባታል፤ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ ደግሞ ሠላሳ ዘጠኝ ቀን አለ። አሥራ አንድ ቀን ትርፍ። ሆርዶፋ ራሱ፣ የመስመራቸው ሊድ፣ ማለትም አለቃ፣ እንዲህ ያለ ትርፍ ያለው ታርጌት ሰጥቷቸው አያውቅም።

የሪወርኩን ቦታ ለምን እንደምትጠቀምበት ለማወቅ ሁለት ቀን ፈጀባት። ገጽ መቶ ሃያን እስከ ግርጌ አነበበችና «ምን አለ?» ብላ ራሷን ስትጠይቅ ምንም አልመጣላትም። ፊደሎቹ ሁሉ አልፈዋል፤ ታሪኩ ግን አላለፈም። ይህ ሪወርክ ነው ብላ ጻፈችው፤ ማታም ደገመችው። ማንም ባይቆጣጠራትም ሪወርኳን አትደብቅም። ፋብሪካው ውስጥ በቆየችበት ስድስት ዓመት ያልሠራችውን ሠርቻለሁ ብላ ፈርማ አታውቅም።

ልጇ ራሕመት አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ተወልዳ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አታነብም። ቅጹን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አገኘችውና፣ ለዚህ እኮ አፕ አለ ብላ በእንግሊዝኛ አስረዳቻት። ስንት ገጽ እንዳነበብሽ ትነግሪዋለሽ፣ ሳታቋርጪ ስትሄጂ ኮከብ ይሰጥሻል። ሀሲባ ከልቧ አዳመጠችና አንድ ጥያቄ ጠየቀች፤ ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ አለው? ራሕመት ፈልጋ አጣች። ሀሲባም እንግዲያው ለእኔ አይሆንም አለች። የምክንያቱ ቦታ ለእሷ ከኮከብ ይበልጥባታል። እስካሁን የተጻፉት ምክንያቶች «ዝናብ፣ ጨለማ»፣ «ራስ ምታት» እና «ዝይ» ነበሩ። አንድ ጠዋት አንድ ዝይ ከመኪናዋ በር ፊት ቆሞ እንደ አኮረፈ ዘመድ አፍጥጦባት ስለነበር ነው።

ሆርዶፋ ያያት በዚህ «ዝይ» ነው። ነሐሴ በገባ በሳምንቱ ቅጾቹን ሲሰበስብ የሀሲባ የንባብ ቅጽ ከቱቦው ቅጽ ጋር ተደባልቆ እጁ ገባ። ሆርዶፋ የአምቦ ሰው ነው፤ ሲቀልድ ፊቱ አይፈታም፤ ስለዚህ አዲስ ሰው መቀለዱን አያውቅበትም። ማጉያ መነጽሯ አጠገብ መጥቶ ቆመ።

«ሀሲባ፣ ይኼ የማን መስመር ነው? ታርጌት ሦስት፣ የተሠራ ሁለት፣ ምክንያት ዝይ?»

ሀሲባ ፊቷ ፍም መሰለ። የግል ነው አለችና እጇን ዘረጋች። ሆርዶፋ ቶሎ አልሰጣትም፤ ከላይ እስከ ታች አነበበው። የሆነው የገባው «ገጽ» የሚለው ላይ ሲደርስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ ዝቅ አለ።

«ታርጌት ሳምንት ሙሉ ካልሞላ ሁለት ነገር ነው የሚደረገው» አላት። «ወይ ታርጌቱ ይቀነሳል፣ ወይ ሰው ይጨመራል።»

ወረቀቱን አጥፎ መለሰላት፤ ለማንም አላወራም። ሀሲባ ታርጌቷን አልቀነሰችም። የሚጨመረው ሰው ማን እንደሆነ ግን ቀኑን ሙሉ ስታስብ ዋለች፤ አንድ ሰው ብቻ ነበር የመጣላት፣ እሷ ደግሞ ፈጽሞ ልትነግራት የማትችለው ሰው ናት።

ስምንት ሰዓት ተኩሉ ግን ከፈራችው በላይ ደስ የሚል ሆነ። ጽጌሬዳ ምሳ ዕቃዋን በክንዷ አንጠልጥላ ትመጣና የጎኑን በር ከፍታ ትገባለች፤ «እ፣ ልጄ እንዴት ሆነች?» ትላለች። ልጄ የምትላት ብርነሽ ናት። ባል የሞተባት የአንዲት ትንሽ ከተማ ሴት ናት፤ በአጥር ምክንያት ከታናሽ እኅቷ ጋር ተቆራርጣ፣ አንዱን ክፍሏን ኢያሱ ለሚባል ልብስ ሰፊ አከራይታ ትኖራለች። ሀሲባ የምትነግራት ሁለት ሦስት ገጽ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱን መስመር ግን ሦስት ጊዜ ስላነበበችው ምንም አይቀራትም። የመጋረጃውን ቀለም፣ ብርነሽ በየትኛው እጇ በሩን እንደያዘች፣ የልብስ ሰፊው ማሽን የትኛው መዘውር ሲጥ ሲጥ እንደሚል ሁሉ ትነግራታለች። ጽጌሬዳ፣ እኔ ሳነበው እንዲህ ያለ ነገር ጠፍቶብኝ ነበር፣ ሩጫ ነበር የእኔ ንባብ እያለች ትገረማለች። ሀሲባ መሪው ላይ ዐይኗን ተክላ ፈገግታዋን ትውጣለች።

በነሐሴ አጋማሽ ባሏ ዓብዱ መጣ። ዓብዱ የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሲመጣ ሦስት ቀን ነው፣ ሦስቱንም ቀን ቤቱ በእንግዳና በድስት ይሞላል። ሀሲባ ደስ ብሏት ሠራች፣ ደስ ብሏት አስተናገደች፤ ንጋት ላይም ከእሱ ጋር ሻይ ጠጥታ ትወጣና የሥራ ሰዓት ስለሚደርስባት መጽሐፉን አትከፍትም። በሁለቱ ቀን መስመር ላይ የተሠራ ዜሮ፣ ምክንያት «ዓብዱ መጣ» ተባለ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ጽጌሬዳን እንግዳ አለብኝ ብላ በቶሎ አሰናበተቻት። ሐሙስ ዕለት ግን ጽጌሬዳ ላብ በላብ ሆና፣ ሌላ ጊዜ ከምትመጣበት አምስት ደቂቃ ቀድማ ደረሰች። እንዲያው ለብርነሽ ብዬ ቀይ መብራት ልጥስ ነበር አለች።

ሀሲባ ባዶ እጇን ነበረች። እንግዳ በር ላይ ቆሞ ድስቱ ባዶ ሲሆን የሚሰማ ዓይነት ዕፍረት ያዛት። አፏ ከእሷ ቀድሞ ተናገረ።

ልብስ ሰፊው፣ አለች፣ ለሁለቱም እኅትማማቾች ለበዓል ቀሚስ እየሰፋላቸው ነበር። አንደኛዋ የሌላዋን አታውቅም። ኢያሱ ሆን ብሎ ቀሚሶቹን አቀያየራቸው። የብርነሽን ለታናሿ ላከው፤ የታናሿን ለብርነሽ ሰጣት። እንግዲህ ለብርነሽ የደረሳት ጠበባት፤ ለታናሿ የደረሳት ደግሞ መሬት ጠረገ። ቀሚሷን የፈለገች በሌላዋ ደጅ መቆም አለባት።

ጽጌሬዳ የመኪናውን ጣሪያ በመዳፏ መታችው። «ይኼ ሰው ይባረክ» አለች። «እኔ እኮ ገና ሲገባ ነው ዐይኑን ያወቅሁት።»

ያን ማታ ሀሲባ ቅጹን ዘርግታ ብዙ ቆየች። የተሠራ፤ ዜሮ። ምክንያት ላይ እስክሪብቶዋ ቆመ። «ዓብዱ መጣ» ማለት ለዜሮው ይበቃል፤ ለሌላው ግን አይበቃም፣ ለሌላው ደግሞ ቦታ የለውም። ባዶውን ተወችው፤ አልፈረመችም።

በማግሥቱ ጽጌሬዳ ወሬውን ሺፍቷ ውስጥ እንደ ነዛችው ሰማች። በብሬክ ሰዓት ለሴቶቹ ተርካላቸው፣ ዳራርቱ የምትባለው ባልደረባዋ ልብስ ሰፊውን ተንኮለኛ ነው ግን ደስ ይላል ብላ፣ ሁሉም በሩን ማን ቀድማ ታንኳኳለች ብለው ተከራክረዋል። እኩሌቶቹ ብርነሽ ናት ይላሉ፣ እኩሌቶቹ ታናሿ። ሀሲባ፣ ገና አልደረስኩበትም አለች። ይህስ እውነት ነበር።

የደረሰችበት ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ገጽ መቶ ስድሳ ሦስት። ኢያሱ ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጫነና ከተማዋን ለቅቆ ሄደ። ሀሲባ በትክክል አላነበብኩትም ይሆናል ብላ ደገመችው። ወረቀቷን ወደ ላይ መልሳ ሠለሰችው። አውቶቡሱ ያው አውቶቡስ፣ ብርድ ልብሱም ያው ብርድ ልብስ ነው። ቀሚስ የሚባል ነገር በገጹ ውስጥ የለም። ጉድ ፈላ። አሁን እንደገና መፍጠር አለባት፤ ያን ለመደገፍ ደግሞ ሌላ፤ በዚህ ከቀጠለች ጳጉሜ ላይ የምትጨርሰው መጽሐፍ ከያዘችው መጽሐፍ ጋር የሚገናኘው በሽፋኑ ብቻ ይሆናል። ከዚያም በላይ ደግሞ፣ ይህን ገጽ ያለ ሪወርክ ነበር ያነበበችው። በአንድ ጊዜ ገብቷት ነበር፤ የደገመችው ስላላመነችው እንጂ ስላልገባት አይደለም። ይህን የምትነግረው ሰው ፈለገች፤ የዋሸችው ግን ያንኑ ሰው ነው።

ረቡዕ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ጽጌሬዳ ገብታ በሩን ስትዘጋ ሀሲባ ሞተሩን አጠፋችው።

«ጽጌ፣ የቀሚሱ ነገር መጽሐፉ ውስጥ የለም።»

«የቱ ቀሚስ?»

«የተቀያየረው። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

ጽጌሬዳ ዝም አለች። በተዋወቁበት ዘመን ሁሉ ሀሲባ ይህን ዝምታ ሰምታው አታውቅም። ወደ መስታወቱ እያየች ቀሪውንም ተናገረች። ያን ሳምንት እንዳላነበበች፣ ብታነብም በቀን ከሦስት ገጽ እንደማታልፍ፣ ፊደል ከፊደል እያያዘች እንደሆነ፣ ማጥወልወሉ ሰበብ እንደነበር፣ ማቀዝቀዣው ላይ ያሉት ዘጠኝ ምልክቶች የእሷ እንዳልሆኑ ነገረቻት። አንዴ ከጀመረችው በኋላ ከገመተችው ያነሰ ጊዜ ወሰደ።

«ለዳራርቱ ምን ልበላት አሁን?» አለች ጽጌሬዳ መጨረሻ ላይ። «ሺፍቱን በሙሉ በሁለት ጎራ ከፍዬ። ዐይንሽን በጨው ታጥበሽ እኮ ነው ያወራሽኝ፣ ርዝመቱን ሳይቀር።»

«አፈርኩ፤ ባዶ እጄን ስለሆንኩ ነው።»

«ባዶ እጄን ነኝ ብትዪኝ እጅሽን ልፈትሽ ነበር?» ጽጌሬዳ ምሳ ዕቃዋን ከጭኗ ወደ እግሯ ሥር አወረደችው። ተቀይማለች፤ ቅያሜዋ ግን ከጉጉቷ ጋር እየታገለ ነበር፣ ጉጉቷም አሸነፈ። «እውነቱስ ምንድን ነው? ሰውዬው ምን አደረገ?»

«ሄደ።»

«የት?»

«በአውቶቡስ። ማሽኑን ይዞ።»

«ዝም ብሎ?»

«ዝም ብሎ።»

«ከንቱ» አለች ጽጌሬዳ። «የአንቺው ይሻላል።» ከዚያ መጽሐፉን ከዳሽቦርዱ ላይ አንሥታ ሀሲባ እጅ ላይ አስቀመጠችው። «አንብቢልኝ።»

ሀሲባ የጽጌሬዳ የሥራ ሰዓት መድረሱን ነገረቻት። ስድስት ደቂቃ አለኝ፣ አንብቢ አለቻት። ሀሲባ የታጠፈውን ወረቀት ከመስመሩ ሥር አስገብታ ጀመረች። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት፤ በዚህ መኪና ውስጥ መጽሐፍ የጽጌሬዳ ድምፅ ነበረው። «ጠ-ቅ-ል-ሎ» ላይ ቆመች። ጽጌሬዳ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ገጠመችው፤ የአውራ ጣቷን ጥፍር ነከሰች። ዝም ማለት ስለማይሆንላት ያን ቃል መጠበቅ ለእሷ ምን ያህል ሥራ እንደሆነ ሀሲባ በጎን ታየው ነበር። ቃሉ መጣ። በስድስት ደቂቃ ውስጥ አሥራ አንድ መስመር ተነበበ፤ አውቶቡሱም ተነሣ።

«ምልክቶቹን አጥፊልኝ» አለች ሀሲባ መጽሐፉን እየዘጋች። «ዘጠኙንም።»

ጽጌሬዳ በሩን ከፍታ አንድ እግሯን አውጥታ ነበር፤ መልሳ አስገባችው። «ከተለያየን ወዲህ እኔ ስንት ገጽ ያነበብኩ ይመስልሻል?»

ሀሲባ አታውቅም።

«አንድም። ቤት ውስጥ መጽሐፍ ስይዝ እንቅልፌ ይመጣል። ሃያ ዓመቴ ነው መጽሐፍ ስጀምርና ስተው። እነዚያን ዘጠኝ የጨረስኳቸው አንቺ ቁጭ ብለሽ ስለሰማሽኝ ነው። የሰማሽውን ካጠፋሁት የኔም አብሮ ይጠፋል።» ምሳ ዕቃዋን አንሥታ ወረደች። በመስኮቱ ጎንበስ ብላ «ነገ አትንገሪኝ፤ አንብቢልኝ» አለችና ሮጠች።

ያን ማታ ሀሲባ ወደዚያ ሐሙስ መስመር ተመለሰች። ምክንያት በሚለው ሥር «ፈጠርኩ» ብላ ጻፈች፤ ፈረመችም።

ከዚያ በኋላ አሥር ደቂቃዋ የንባብ ሆነች። ሀሲባ ንጋት ላይ ለራሷ ያነበበችውን ገጽ ስምንት ተኩል ላይ ለጽጌሬዳ ጮክ ብላ ትደግመዋለች፤ ሁለተኛ ስለሆነ ቶሎ ይሄድላታል። ጽጌሬዳ ጥፍሯን መንከስ ተወች፤ ሰዎቹን መስደቧን ግን አልተወችም። ማቀዝቀዣው ላይ አዲስ ዐምድ ተሰመረ። ጽጌሬዳ «የተነበበ»፣ «የተሰማ» የሚል አልጻፈችበትም፤ «የሀሲባ ብቻ» ብላዋለች፣ ባዶ ነው። በቅጹም ላይ ቁጥሩ ተለወጠ። ሦስት፣ ሦስት፣ አራት። አንድ ቀን አምስት። ሆርዶፋ ቅጾቹን ሲሰበስብ ያንን ወረቀት አላየሁም ብሎ አልፎ፣ ሁለት እርምጃ ከሄደ በኋላ ዞሮ፣ ታርጌት ከሚያልፍ ሰው ጋር ስብሰባ አለኝ፣ ታርጌቱ ሊጨመር ነው አላት። ፊቱ እንደ ወትሮው አልተፈታም።

ጳጉሜ ሁለት ሰኞ ዋለ፤ የአሜሪካኖቹ የሠራተኞች ቀን ስለሆነ ፋብሪካው ዝግ ነው። ሁለቱ ሴቶች ኢገን፣ ከሕንጻዎቹ መካከል ካለው ሣር ላይ ምንጣፍ ዘርግተው ተቀመጡ። የጽጌሬዳ ልጆች ዥዋዥዌው ጋ ይጯጯሃሉ፤ ራሕመት ስልኳን ይዛ ከዛፉ ሥር ተጋድማ ትሰማ አትስማ አይታወቅም። አራት ገጽ ቀርቶ ነበር። ሀሲባ ይህን ንጋት ላይ ለራሷ አላነበበችውም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱም እኩል ሳያውቁት ጀመሩት።

ቀስ ብላ ነው ያነበበችው። ጠዋት ነው። ብርነሽ ደጇ ላይ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች። የአጥሩ በር ይከፈታል፤ ቀና አትልም፣ በእርምጃዋ ድምፅ ማን እንደሆነች አውቃለች። ታናሿ ትመጣለች፣ በርጩማ ትስባለች፣ ትቀመጣለች፤ ከሰፌዱ በወዲያኛው ጫፍ ጠጠር መልቀም ትጀምራለች። ሀሲባ ገጹን ገለበጠች። ቀጥሎ ያለው ገጽ ባዶ ነበር።

«በቃ?» አለች ጽጌሬዳ።

«በቃ።»

«ይቅር በይኝ እንኳ ሳትል?»

«ተቀመጠች እኮ» አለች ሀሲባ።

ጽጌሬዳ አሰበችበት። አሥራ አንድ ዓመት ተጣልቶ ምስር መልቀም ምን የሚሉት ዕርቅ ነው ብላ ተከራከረች፤ ለሺፍቱ የቀሚሱን እንደምትተወው፣ ይህን ደግሞ ለዳራርቱ ብቻ በምስጢር እንደምትነግራት ወሰነች። ከዛፉ ሥር የራሕመት ድምፅ መጣ፤ ስልኳ ላይ እንዳፈጠጠች በእንግሊዝኛ፣ እኔ የእናቴ ወገን ነኝ፣ መቀመጧ ይበቃል አለች። ሀሲባ ልጇ እየሰማች እንደነበር ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ጽጌሬዳ ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አወጣችና፣ ማቀዝቀዣው ሩቅ ስለሆነ፣ በመዳፏ ላይ አንድ ሰረዝ አሰመረች፤ እንዳይጠፋብኝ አለች።

ከሰዓት በኋላ ቤቷ ስትገባ ሀሲባ መጽሐፉን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። በሙቀት መኪና ውስጥ ስለከረመ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቅጠሎች ከስፌቱ ለቅቀው ወጣ ወጣ ብለዋል። ከራሕመት የትምህርት ቤት ዕቃ መካከል ሙጫ አመጣች። በክብሪት እንጨት ጫፍ ትንሽ ነክራ፣ እንደ ሥራዋ እጇን ሳታንቀጠቅጥ፣ በቅጠሎቹ ጠርዝ ላይ ቀጭን መስመር ቀባች፤ ከቦታቸው አስገብታ ከላይ እስከ ታች በጣቷ ጫነቻቸው። የፈሰሰውን በጨርቅ ጠረገች። መጽሐፉን ዘግታ የአሥር ኪሎ ሩዝ ከረጢት አስተኛችበትና እጇን ልትታጠብ ሄደች።